የተጣበቀው ክንፍ፦ የስካይላብ ጥገና ታሪክና ለሙያችን ያለው ትምህርት

የሰው ልጅ የሠራው ዕቃ ሁሉ ከዕለታት አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ማረሻ ይደንዛል፤ ወፍጮ ይቆማል፤ የመኪና ሞተር ይነክሳል። ዕቃውን መጀመሪያ ያበጀው ሰው በሥራው ሲመሰገን፣ የተበላሸውን አቃንቶ ወደ አገልግሎት የሚመልሰው ጠጋኝ ግን ብዙውን ጊዜ ስሙ አይነሣም። ይህም የሆነው ጥገና ከፈጠራ ያነሰ ጥበብ ነው ከሚል የቆየ አስተሳሰብ የተነሣ ይመስላል። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚመረምር ግን ጠጋኙ ከሠሪው የከበደ ፈተና የሚገጥመው ጊዜ አለ። ሠሪው ቦታውንና ጊዜውን፣ መሣሪያውንና ቁሳቁሱን መርጦ ሲሠራ፣ ጠጋኙ ችግሩ በተገኘበት ቦታ፣ በእጁ ባለው መሣሪያና በተሰጠው አጭር ጊዜ እንዲሠራ ይገደዳል።

ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ከሚሆኑት ታሪኮች አንዱ በ1965 ዓ.ም. ከምድር 435 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የተፈጸመው የስካይላብ ጥገና ነው። በዛሬው ጊዜ ወጣቶች በኮምፒዩተር ጨዋታ የጠፈር መንኮራኩር መካኒክ ሆነው፣ የተበላሸ ክፍል እየፈቱና እየገጠሙ ሲደሰቱ ይታያሉ። ጨዋታው ደስ የሚያሰኝ ብቻ ሳይሆን የሚያስተምርም ነው። ነገር ግን ይህ ጨዋታ የሚያስመስለው እውነተኛ ሥራ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ምን ያህል ላብ እንደ ፈሰሰበትና ለመሐንዲስና ለቴክኒሻን ምን ትምህርት እንደ ተወው ማወቅ ለሙያችን ይጠቅማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

የጣቢያው አሠራር

ስካይላብ የአሜሪካ የመጀመሪያው የጠፈር ጣቢያ ነበር። ዋናው አካሉ እንደ አዲስ ከመሠረቱ የተሠራ ሳይሆን፣ ሰዎችን ወደ ጨረቃ ካደረሰው የሳተርን 5 ሮኬት ሦስተኛ ክፍል ተለውጦ የተበጀ ነው። ለሃይድሮጅን ነዳጅ ማጠራቀሚያ ታስቦ የነበረው ትልቁ ታንክ የጠፈርተኞች መኖሪያና የሥራ ክፍል ሲደረግ፣ ከሥሩ የነበረው የኦክሲጅን ታንክ ደግሞ የቆሻሻ ማከማቻ ሆነ። መላው ጣቢያ ከ75 ቶን በላይ ይመዝን ነበር።

የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚያገኘው ከሁለት ምንጭ ነበር። የመጀመሪያው ፀሐይን ለመመርመር በተተከለው ቴሌስኮፕ ዙሪያ እንደ ነፋስ ወፍጮ የሚዘረጉት አራት የፀሐይ ሰሌዳዎች ናቸው። ሁለተኛው በመኖሪያው ክፍል ግራና ቀኝ የሚዘረጉት ሁለት ትላልቅ ክንፎች ናቸው። በዚህ ላይ የመኖሪያው ክፍል ውጫዊ አካል ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ውፍረት ባለው ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ተከብቦ ነበር። የዚህ ሽፋን ተግባር ድርብ ነው። አንደኛ፣ በጠፈር የሚበሩ ጥቃቅን የሰማይ ጠጠሮች የጣቢያውን ግድግዳ እንዳይበሱ መከላከል፤ ሁለተኛ፣ ቀለሙ የፀሐይን ሐሩር እየመለሰ የውስጡ ሙቀት የተመጠነ እንዲሆን ማድረግ። ሮኬቱ ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ሽፋኑ ከታንኩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንዲቆይ፣ ምሕዋር ከያዘ በኋላ ግን 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ከግድግዳው ርቆ እንዲዘረጋ ታቅዶ ነበር። የችግሩ ሁሉ ምንጭ የሆነውም ይኸው ስስ ሽፋን ነው።

63ኛዋ ሴኮንድ

ግንቦት 6 ቀን 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1973) ስካይላብ ሰው ሳይጫንበት ከፍሎሪዳ ተወነጨፈ። በተነሣ በ63ኛው ሴኮንድ፣ ሮኬቱ የድምፅን ፍጥነት አልፎ የአየሩ ግፊት እጅግ በሚበረታበት ሰዓት፣ ያ ስስ ሽፋን ከቦታው ተገንጥሎ ተቦጫጨቀ። ሽፋኑ ሲቦጨቅ አንደኛውን ክንፍ ከማሰሪያው አላቀቀው፤ ክንፉም በኋላ ሁለተኛው የሮኬት ክፍል ሲለይ ከወጣው የጋዝ ፍንዳታ የተነሣ ከነሥሩ ተነቅሎ ጠፋ። ሁለተኛው ክንፍ ግን ተቃራኒ ዕጣ ገጠመው። ከተቦጨቀው ሽፋን የተረፈ የአሉሚኒየም ቁራጭ በክንፉ ምሰሶ ላይ ተጠምጥሞ ነክሶ ያዘው፤ ስለዚህ መዘርጋት አልቻለም። አንዱ ክንፍ ፈጽሞ ጠፋ፤ ሌላው ሳይጠፋ ታሰረ ማለት ነው።

ጣቢያው ምሕዋሩን እንደ ያዘ የምድር ተቆጣጣሪዎች የሚደርሳቸው ምልክት የጉዳቱን መጠን እያስረዳ ሄደ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከታቀደው እጅግ ያነሰ ነበር። በአንጻሩ ደግሞ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ በመኖሪያው ክፍል ውስጥ ወደ 52 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደረሰ። እዚህ ላይ ተቆጣጣሪዎቹን የገጠማቸው ችግር ሁለት ስለት ያለው ነበር። የቀሩት አራቱ ሰሌዳዎች በቂ ኃይል እንዲሰጡ ጣቢያውን ወደ ፀሐይ ቢያዞሩት ሽፋን የሌለው ጎኑ ይጋያል፤ እንዳይግል ቢያዞሩት ደግሞ ባትሪዎቹ ይራቆታሉ። ስለዚህ ጣቢያውን ወደ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው፣ ሙቀቱንና ኃይሉን እያመዛዘኑ፣ ለአቅጣጫ ማስተካከያ የተቀመጠውን ጋዝ እየቆጠቡ ቀንና ሌሊት ጠበቁት።

ሥጋቱ ይህ ብቻ አልነበረም። ምግቡ፣ መድኃኒቱና የፎቶግራፍ ፊልሙ በሙቀት ሊበላሹ ይችላሉ፤ ከዚህም የከፋው ከግድግዳው ውስጥ ያለው የፕላስቲክ አረፋ ሲግል መርዛም ጋዝ ሊያወጣ ይችላል ተብሎ ተፈራ። በመሆኑም በጣቢያው ውስጥ ያለው አየር ከምድር በሚተላለፍ ትእዛዝ በተደጋጋሚ እንዲወጣና በናይትሮጅን እንዲታጠብ ተደረገ።

አሥሩ ቀናት

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጠፈርተኞች ጣቢያው በተነሣ ማግሥት ሊከተሉት ታቅዶ ነበር። ከአደጋው በኋላ ግን ጉዞው ለአሥር ቀናት ተራዘመ። እነዚህ አሥር ቀናት በምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላቸው። «ችግር በቅቤ ያስበላል» እንዲሉ፣ በተለመደው አሠራር ዓመታት ይፈጅ የነበረው የንድፍ፣ የሥራና የሙከራ ሂደት በቀናት ተጠናቀቀ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ለጣቢያው ጥላ ማበጀት ነበር። በሂዩስተን የጆንሰን የጠፈር ማእከል የቴክኒክ አገልግሎት ክፍል ኃላፊ የነበረው ጃክ ኪንዝለር አንድ ቀላል ሐሳብ አቀረበ። በጣቢያው ግድግዳ ላይ ለሳይንስ መሣሪያዎች የተተወ አነስተኛ መዝጊያ ያለው ቀዳዳ ነበረ። በዚህ ቀዳዳ በኩል የተጠቀለለ ጃንጥላ ከውስጥ ወደ ውጭ ቢገፋና በውጭ ቢዘረጋ፣ ጠፈርተኞቹ ከጣቢያው መውጣት ሳያስፈልጋቸው ጥላው ሊተከል ይችላል። ኪንዝለር ሐሳቡን ያስረዳው በረጅም ሰነድ አይደለም፤ አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገቡ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ገዝቶ፣ ጨርቅ አስሮባቸው፣ አሠራሩን በዓይን አሳየ። ከዚህ ሙከራ በመነሣት 6.7 በ7.3 ሜትር የሆነ ጥላ ተሠራ።

በሃንትስቪል የማርሻል የጠፈር በረራ ማእከል የሚሠሩት መሐንዲሶች ደግሞ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ላይ የሚሳብ የሸራ መጋረጃ አዘጋጁ። ይህንን ሸራ የሰፉት የልብስ ስፌት ባለሙያ ሴቶች ናቸው። የጨረቃ ሮኬት በሠራ ድርጅት ውስጥ በዚያች ሳምንት ከመሐንዲሱ ስሌት እኩል የስፌቷ ባለሙያ መርፌ መፈለጉ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የታሰረውን ክንፍ ማላቀቅ ነበር። ጣቢያው ለጥገና ተብሎ ስላልተሠራ፣ በዚያ አካባቢ የእጅ መያዣም የእግር መርገጫም አልነበረም። ክንፉን የያዘው ነገር ምን እንደሆነም በእርግጥ አልታወቀም። ስለዚህ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች አብረው እንዲጫኑ ተወሰነ፤ ከእነዚህም ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኞች በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አድርገው ሽቦ የሚቆርጡበት መቁረጫ ይገኝበታል።

በማርሻል ማእከል 23 ሜትር ያህል ስፋትና 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ትልቅ የውኃ ታንክ ነበር። የጠፈር ልብስ የለበሰ ሰው በክብደት ተመጥኖ በውኃው ውስጥ ሲገባ አይሰምጥም፣ አይንሳፈፍም፤ ስለዚህ ክብደት ከሌለበት ጠፈር ጋር የተቀራረበ ሁኔታ ይፈጠርለታል። የተጠባባቂው ቡድን መሪ ራስል ሽዋይካርት ከባልደረቦቹ ጋር በዚህ ታንክ ውስጥ በተተከለው የጣቢያው ምስያ ላይ የጥገናውን ሥራ ደጋግሞ ሞከረ። ታንኩ ሰውን ለመመዘን የተዘጋጀ ፈተና አልነበረም፤ ዘዴን ለመመዘን የተዘጋጀ ሚዛን ነበር። በወረቀት ላይ ያማረው ዘዴ በውኃ ውስጥ ሲሞከር የማይሆን ሆኖ ከተገኘ ይጣላል፤ የሚሆነው ይያዛል።

ጥላው ተዘረጋ

ግንቦት 17 ቀን 1965 ዓ.ም. ቻርልስ (ፒት) ኮንራድ፣ ጆሴፍ ከርዊንና ፖል ዋይትስ በአፖሎ መንኮራኩር ተጉዘው ጣቢያው ዘንድ ደረሱ። አዛዡ ኮንራድ በጨረቃ ላይ ከተራመዱት ሰዎች አንዱ ነው፤ ከርዊን ሐኪም ሲሆን ዋይትስ ደግሞ የመጀመሪያ ጉዞው ነበር። ጣቢያውን ዞረው ሲመለከቱ አንደኛው ክንፍ ጨርሶ እንደ ጠፋ፣ ሁለተኛው ግን በስስ ብረት እንደ ታሰረ አረጋገጡ።

በዚያው ቀን የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ኮንራድ መንኮራኩሩን ከጣቢያው አጠገብ ሲያቆም፣ ዋይትስ በተከፈተው በር ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ ከርዊን እግሮቹን ይዞለት፣ ጫፉ እንደ እረኛ ከዘራ በተቆለመመ ረጅም ዘንግ ክንፉን ለመሳብ ታገለ። ውጤቱ ግን ከታሰበው ውጭ ሆነ፤ ክንፉ ሲሳብ ክንፉ ሳይሆን መንኮራኩሩ ወደ ጣቢያው ተጠጋ። መቆሚያ የሌለው ሰው የሚስበው ዕቃ ይመጣለታል ወይስ እርሱ ወደ ዕቃው ይሄዳል የሚለው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ። ብረቱም አልላቀቅ አለ። ድካም በድካም ላይ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ መንኮራኩሩን ከጣቢያው ጋር ሊያያይዙ ሲሞክሩ ማያያዣው እምቢ አለ። ከብዙ ሙከራ በኋላ የማያያዣውን አካል ፈትተው፣ ዋናውን መቆለፊያ ራሳቸው አስተካክለው በግድ አያያዙት። ወደ ጣቢያው ሳይገቡ በአንድ ቀን ሁለት ጥገና ገጠማቸው ማለት ነው።

በማግሥቱ ዋይትስ የጋዝ መከላከያ ጭምብል አጥልቆ አየሩን እየመረመረ ገባ። መርዛም ጋዝ አልተገኘም፤ ሐሩሩ ግን ብርቱ ነበር። ጠፈርተኞቹ በሙቀቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ እየሠሩ፣ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል እየወጡና እያረፉ ጃንጥላውን በቀዳዳው በኩል ቀስ በቀስ ገፍተው ዘረጉት። ጥላው ሙሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ አልተዘረጋም፤ አንዳንድ ቦታ ተጨማድዶ ቀርቷል። ቢሆንም ሥራውን ሠራ። ሙቀቱ ወዲያው መውረድ ጀመረ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ጣቢያው ሰው ተረጋግቶ የሚኖርበት ስፍራ ሆነ።

ግንቦት 30

ሙቀቱ ቢበርድም የኤሌክትሪኩ ችግር አልተፈታም። ከዚህም በላይ ከነበሩት ባትሪዎች አንዳንዶቹ ሥራ በማቆማቸው፣ ጉዞው ሙሉውን 28 ቀን እንዲቆይ፣ ከእርሱም በኋላ የታቀዱት ሁለቱ ረጃጅም ጉዞዎች እንዲካሄዱ ከተፈለገ የታሰረውን ክንፍ መፍታት ግድ ሆነ። በሃንትስቪል ታንክ የተሞከረው ዘዴ ተዘርዝሮ በሬዲዮና በጣቢያው የቴሌፕሪንተር መሣሪያ ተላለፈላቸው። ጠፈርተኞቹም ዘንጎቹን በጣቢያው ውስጥ እየገጣጠሙ ተለማመዱ።

ግንቦት 30 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን) ኮንራድና ከርዊን ወደ ውጭ ወጡ። ዘዴው እንዲህ ነበር። አጫጭር ዘንጎችን በመቀጣጠል 7.6 ሜትር የሚሆን ረጅም ዘንግ ይሠራል፤ በጫፉ መቁረጫው ይገጠማል፤ የመቁረጫው ጥርስ በክንፉ ላይ የተጠመጠመውን ብረት ይነክሳል። በዚህ ጊዜ ዘንጉ ራሱ የእጅ መደገፊያ ይሆናል፤ ኮንራድ ዘንጉን እየያዘ ወደ ክንፉ ይሄድና ገመድ ያስርበታል። ከዚያ ብረቱ ይቆረጣል፤ ክንፉም በገመዱ ይሳባል።

በወረቀት ላይ አጭር የሆነው ይህ ሥራ በተግባር አድካሚ ሆነ። ከርዊን የዘንጉን ጫፍ ወደ ብረቱ ባስጠጋ ቁጥር ሰውነቱ ወደ ሌላ ይዞራል፤ መርገጫ ስለሌለው አንድ እጁን ለመያዣ፣ አንድ እጁን ለሥራ ማድረግ ነበረበት። ረጅም ጊዜ ታገለ፤ የልብ ትርታው እጅግ ፈጠነ፤ ብረቱ ግን አልተነከሰም። በመጨረሻ ከአጠገቡ በጣቢያው አካል ላይ የተተከለ የቀለበት ብሎን እንዳለ አስተዋለ። ከሰውነቱ ጋር የታሰረውን የደኅንነት ገመድ በዚህ ቀለበት ውስጥ አሳልፎ ወደ ራሱ በመመለስ አሳጠረውና በእግሩ ገፍቶ ገመዱን ወጠረ። ሁለቱ እግሮቹና የተወጠረው ገመድ እንደ ሦስት ጉልቻ ሆነው አጸኑት። ከዚያ ወዲያ ብረቱን ለመንከስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ በቃው።

ለሰዓት ያህል ያስቸገረው ሥራ በጥቂት ደቂቃ የተፈጸመው ጡንቻው ስለ በረታ ወይም መቁረጫው ስለ ተሳለ አይደለም፤ ሠራተኛው መቆሚያ ስላገኘ ነው። መሰላሉን ሳያጸና ምሰሶ ላይ የሚወጣ የመስመር ሠራተኛ ወይም ክሪኩን ሳያስተካክል ከመኪና ሥር የሚገባ መካኒክ ይህንን እውነት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከርዊን ያገኘው መፍትሔ አዲስ መሣሪያ አልነበረም። ቀድሞ የነበረን ነገር በአዲስ ዓይን ማየት ነበር።

ብረቱ ተቆረጠ። ክንፉ ግን ጥቂት ከፈት ብሎ ቆመ። ምክንያቱ በመኪና ላይ አሞርዛተር ከምንለው ጋር የሚመሳሰለውና ክንፉ በዝግታ እንዲዘረጋ የሚያደርገው በዘይት የሚሠራ ማለዘቢያ በብርዱ በመጠጠሩ ነበር። ይህም አስቀድሞ ታስቦበት ነበርና ሁለቱ ሰዎች በክንፉና በጣቢያው መካከል በተዘረጋው ገመድ ሥር ገብተው፣ ገመዱን በትከሻቸው ተሸክመው፣ እግራቸውን በጣቢያው አካል ላይ ተክለው ቀና አሉ። ማለዘቢያው ድንገት ተሰበረ፤ ክንፉ ተፈናጥሮ ተከፈተ፤ ሁለቱም ሰዎች ከደኅንነት ገመዳቸው ጋር ወደ ጠፈር ተወረወሩ። ገመዳቸውን ስበው ሲመለሱ ክንፉ ተዘርግቶ ነበር። የፀሐይ ሰሌዳዎቹም እየሞቁ ሲሄዱ ቀስ በቀስ ተከፈቱ፤ ወደ 3 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ተጨማሪ ኃይልም ለጣቢያው ተገኘ።

ጥገናው በዚህ አላበቃም። ሰኔ 12 ቀን ኮንራድ ወደ ውጭ ወጥቶ የተጣበቀ ሪሌይ የነበረበትን የባትሪ መቆጣጠሪያ ሣጥን በመዶሻ መታው፤ ሪሌዩም ተላቀቀ፤ ባትሪውም ሥራ ጀመረ። ሐምሌ 30 ቀን የሁለተኛው ቡድን አባላት ኦወን ጋሪየትና ጃክ ሉስማ በማርሻል የተሰፋውን ሸራ በጃንጥላው ላይ ደርበው ዘረጉት። ነሐሴ 18 ቀን ደግሞ አቅጣጫን የሚለኩ የስድስት ጋይሮስኮፖች ስብስብ እንዲሠራ ገመዱን ከውጭ አገናኙት። ሦስቱ ቡድኖች በተከታታይ 28፣ 59ና 84 ቀናት፣ በድምሩ 171 ቀናት ጣቢያው ውስጥ ሠሩ። በተወለደበት ዕለት የሞተ መስሎ የነበረው ጣቢያ የታቀደለትን ሥራ ፈጽሞ፣ ከመጨረሻው ቡድን መመለስ በኋላ ባዶውን ቆይቶ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1971 ዓ.ም. ወደ ምድር አየር ገብቶ በሕንድ ውቅያኖስና በምዕራብ አውስትራሊያ ላይ ተበታተነ።

የመርማሪዎቹ ፍርድ

የጠጋኞቹ ጀግንነት ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ሽፋኑ መጀመሪያ ለምን ተቦጨቀ? የሚለው ጥያቄ ነው። በብሩስ ለንዲን የተመራው መርማሪ ቦርድ በሐምሌ 1965 ዓ.ም. ባቀረበው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ በሽፋኑ ላይ ያለፈ የሽቦ መሿለኪያ ከኋላው በሚገባ ስላልታሸገ አየር ገብቶ ከሥሩ ግፊት ፈጠረ፤ ግፊቱም የሽፋኑን ጠርዝ ወደ ፈጣኑ የአየር ጅረት አነሣው።

ከቴክኒካዊው ምክንያት ይበልጥ የሚከነክነው ግን ቦርዱ ከጀርባው ያገኘው ነው። የሽፋኑ ንድፍ በስድስት ዓመት ውስጥ በብዙ ግምገማዎች አልፏል፤ ጉድለቱን ግን ማንም አላየውም። ሽፋኑ የታንኩ አካል ክፍል ተደርጎ ስለ ተቆጠረ፣ በዋናነት የታየው በጠፈር ላይ እንዴት ይዘረጋል ከሚለው ጥያቄ አንጻር ነበር፤ በመውጣት ላይ ሳለ አየር ምን ያደርገዋል የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። የመዋቅር ባለሙያው ስለ መዋቅር፣ የአየር ባለሙያው ስለ አየር ሲያስብ፣ ሽፋኑ በሁለቱ መካከል ወደቀ። በመሆኑም ቦርዱ እንዲህ ዓይነት ብዙ ሙያዎችን የሚነካ ሥራ ከስሌት እስከ ንድፍ፣ ከማምረት እስከ ሙከራና ገጠማ ድረስ በሙሉ የሚመለከተው አንድ ኃላፊ መሐንዲስ ሊኖረው እንደሚገባ መከረ። የሰነድና የሥነ ሥርዓት ብዛት መሐንዲሱን ከእውነተኛው ዕቃ እንዳያርቀውም አሳሰበ።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ ብዙ ሰነድ የተጻፈለት ሽፋን በ63 ሴኮንድ ጠፋ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ከዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ከጨርቅ የተፀነሰ ጥላ ግን ጣቢያውን አዳነ። ከዚህ ተነሥቶ ሰነድ አያስፈልግም፣ ችኮላ ይበልጣል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ ያለ ስሌትና ያለ ቅጥ የሚሠራ ጥገና ራሱ አደጋ ነውና። ልዩነቱ ሌላ ነው። ጥላውን የሠሩት ሰዎች ዕቃውን በእጃቸው ይዘውት ነበር፤ እያንዳንዱም ሥራ ባለቤት ነበረው። «ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው» የሚለው አነጋገራችን ሥራን ከሠሪው እጅ የማይነጥል መሆኑ በዚህ ረገድ ጥልቅ ትርጉም አለው።

ጨዋታና እውነት

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ ኮምፒዩተር ጨዋታ እንመለስ። ጠፈርን በኮምፒዩተር መጫወት ከጠፈር ጉዞው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሰው ጨረቃ ላይ በረገጠበት በ1969 እ.ኤ.አ. ጂም ስቶረር የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ መንኮራኩርን ጨረቃ ላይ ማሳረፍን በጽሑፍ የሚያጫውት ፕሮግራም ጻፈ። ስካይላብ በተወነጨፈበት በ1973 ደግሞ ጃክ በርነስ ይኸንኑ ጨዋታ በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራ። ዛሬ ጨዋታው ከማሳረፍ አልፎ ወደ መጠገን ደርሷል። ተጫዋቹ ክብደት በሌለበት ስፍራ እየተንሳፈፈ፣ ክዳኑን ይፈታል፣ ኃይሉን ያጠፋል፣ የተቃጠለውን ክፍል አውጥቶ አዲሱን ይተካል፤ ቅደም ተከተሉን ካዛባ ይቀጣል። አስቸጋሪውን ጥገና ሲፈጽም የሚሰማው እርካታ እውነተኛ ነው፤ ከእርሱም የሚያገኘው ልማድ፣ ማለትም አስቀድሞ ማየት፣ በተራ መሥራትና አለመቸኮል፣ በሥራ ቦታም የሚጠቅም ነው።

ይሁን እንጂ በጨዋታና በእውነት መካከል አንድ የማይታለፍ ወሰን አለ። ጨዋታውን የደረሰው ሰው እንቆቅልሹን ሲያስቀምጥ ፍቺውንም አብሮ አስቀምጦታል። ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢቸገር፣ መፍትሔ መኖሩን በልቡ ያውቃል። በስካይላብ ክንፍ ላይ የተጠመጠመውን ብረት ግን ማንም አልደረሰውም። ሊቆረጥ መቻሉን፣ ከተቆረጠም በኋላ ክንፉ መዘርጋቱን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። የቀለበቱም ብሎን እዚያ የተተከለው ከርዊን እንዲቆምበት ታስቦ አይደለም። የእውነተኛ ጠጋኝ ፈተና መፍትሔውን ማግኘት ብቻ አይደለም፤ መፍትሔ መኖሩ ሳይታወቅ መፈለጉን አለመተው ነው።

የሃንትስቪሉ ታንክ በጨዋታውና በእውነቱ መካከል የቆመ ነበር። ውኃው እንቅስቃሴን ስለሚገታ ከጠፈር ጋር ፍጹም አንድ አይደለም። ቢሆንም እውነተኛ ዘንግ፣ እውነተኛ መቁረጫ፣ እውነተኛ ድካም ነበረበት፤ ዘዴውንም ያለ ርኅራኄ ፈተነው። ልምምድ ዋጋ የሚኖረው ለማሸነፍ ሳይሆን ለመሳሳት ሲደረግ ነው፤ በታንክ ውስጥ የታየ ስሕተት በጠፈር አይደገምምና። ከዚያ ወዲህ የተፈጸሙት ታላላቅ የጠፈር ጥገናዎችም ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. ቭላዲሚር ጃኒቤኮቭና ቪክቶር ሳቪኒክ ኃይሉ ተቋርጦ በበረዶ የተያዘውን ሳልዩት 7 ጣቢያ በእጅ እየመሩ ተጠግተው ነፍስ ዘሩበት። በ1993 ደግሞ ጠፈርተኞች አምስት ጊዜ ከመንኮራኩራቸው ወደ ውጭ በመውጣት የሃብል ቴሌስኮፕን የደበዘዘ እይታ አቃኑ። ሃብል ከስካይላብ በተለየ አስቀድሞ እንዲጠገን ተደርጎ የተሠራ ነበር፤ የእጅ መያዣና የእግር መርገጫ ነበረው። ከርዊን በአንድ የቀለበት ብሎን የፈለገው መቆሚያ ከሃያ ዓመት በኋላ የንድፉ አካል ሆኖ ተገኘ።

ለእኛ ለሙያው ባልደረቦች የሚቀረው ትምህርት እንግዲህ ግልጽ ነው። ትራንስፎርመርም ሆነ ፓምፕ፣ ድልድይም ሆነ የሆስፒታል መሣሪያ ስንነድፍ ወይም ስንገዛ፣ አንድ ቀን አንድ ቴክኒሻን ከፊቱ ቆሞ እንደሚጠግነው እናስብ። እጁ የሚገባበት ቦታ አለውን? እግሩ የሚቆምበትስ? ብሎኑ በአገር ውስጥ በሚገኝ መፍቻ ይፈታልን? ሥራውስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «የእኔ ነው» የሚል ባለቤት አለውን? እነዚህን ጥያቄዎች በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ያልጠየቀ መሐንዲስ፣ መልሱን በሌላ ሰው ላብ ያስከፍላል። በዚያች ግንቦት 30 ቀን ሁለት ሰዎች ገመድ በትከሻቸው ተሸክመው ቀና ያሉት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ለመመለስ ነበር።